የስኳር ቀን አለቃ

መምሬ ደሴ ስልክ የሚደውሉ ሰው አይደሉም። ሲደወልላቸውም ገልብጠው ይዘው «አቤት? አቤት?» ነው የሚሉት። ስለዚህ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ከማራኪ ወደ ፒያሳ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቄ እንደተቀመጥኩ ስማቸውን ስልኬ ላይ ሳየው ደግ ነገር እንዳልሆነ ገባኝ።

«ልጄ፣ ጥሩወርቅ ዐርፋለች» አሉኝ። «ቀብሯ ዛሬ ስምንት ሰዓት ነው። ላንቺ ሳልነግር ብቀር መቃብሩን ፈንቅላ ወጥታ ትጮህብኛለች።»

እየሳቅሁ ነው ያለቀስኩት። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ መጀመሪያ ሳቄን ቀጥሎ እንባዬን አይተው «እግዜር ያጽናሽ፤ ምንሽ ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። ምን ልበላቸው? እናቴ አይደሉ፣ አክስቴ አይደሉ። «የሥራ ባልደረባዬ ናቸው» አልኳቸው። ማንም ያልቀጠራቸው፣ ማንም ሊያባርራቸው ያልቻለ የሥራ ባልደረባ።

እኔ እዚሁ ጎንደር በአንድ ሐኪም ቤት የዓይን ክፍል ነርስ ነኝ። ሥራዬ ስኳር በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ዓይናቸው ውስጥ ጠብታ ጨምሬ፣ ብሌናቸው እስኪከፈት ጠብቄ፣ የዓይናቸውን የውስጥ መጋረጃ ፎቶ ማንሳት ነው። ስኳር እዚያ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ቀስ እያለ ያበላሻቸዋል። አያምም፣ አይቀላም፣ አያሳክክም። ሰውዬው «ደህና አያለሁ» እያለ አንድ ቀን ይጨልምበታል። ቀድሞ ከተገኘ ግን ይታከማል። ነገሩ ይኸው ነው። ይህችን ለማስረዳት እኛ ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፈናል፤ እትዬ ጥሩወርቅ ደግሞ ይጮኹ ነበር።

ሰኞ የስኳር ቀን ነው። ሰው ከየሰፈሩና ከየገጠሩ በባዶ ሆዱ መጥቶ ጣቱን ይወጋል፣ ስኳሩን ይለካል፣ መድኃኒቱን ይቀበልና ወደ ቤቱ ይሮጣል። የኛ ክፍል መውጫው በር አጠገብ ስለሆነ የሚሮጠው ሁሉ በፊታችን ነው የሚያልፈው። እትዬ ጥሩወርቅ ቀጠሯቸው ሆነም አልሆነም በየሰኞው ይመጡና አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ በሩን ተደግፈው ይቀመጣሉ።

«ወዴት ነው? ዓይንሽን ታይተሻል?»

«ኧረ እትዬ፣ እቸኩላለሁ። ደግሞ ደህና ነው የማየው።»

«እኔም ደህና ነበር የማየው! ተመለሽ!»

ድምፃቸው የገበያ ድምፅ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅዳሜ ገበያ በርበሬና ኮረሪማ ሲሸጡ፣ ደንበኛ ከወዲያኛው ተራ ሲጠሩ የኖሩ ሴት ናቸው። አጠር ብለው ወፈር ያሉ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው የሚያስሩ። ቀኝ ዓይናቸው አያይም። ሰው ሲያነጋግሩ ፊታቸውን ዘወር አድርገው በግራው ትክ ብለው ያዩታል፤ በዚያች በአንዷ ዓይን የተያዘ ሰው መሸሻ የለውም።

አንድ ጊዜ ከዛሪማ የመጡ ረጅምና ኩሩ ገበሬ ነበሩ። መድኃኒታቸውን ጨብጠው ሊወጡ ሲሉ እትዬ «አያ፣ ዓይንዎን ሳይታዩ?» ቢሏቸው ተቆጡ።

«ምን ሆንኩና ነው የምታየው? ደጄ ቆሜ ማዶ ተራራ ላይ የሚግጠውን በሬ ከነቀለሙ የምለይ ሰው ነኝ። ካላየሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«ኧረ እንዳይምሉ አያ!» ብለው ብድግ አሉ እትዬ። «እኔ እንዲሁ ስምል አንዱን ግንባር አድርጎልኛል፤ ይኸው!» የማያየውን ዓይናቸውን ወደ ሰውዬው ፊት አስጠጉት። አግዳሚው ላይ የነበረው ሰው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ገበሬው መሳቂያ መሆናቸውን አልወደዱትም፤ ግን ገቡ። ፎቶውን ሳነሳ ግራ ዓይናቸው ውስጥ ደም ነጠብጠብ ማለት ጀምሮ አገኘሁት።

እውነት ለመናገር አንዳንዴ ያናድዱኝ ነበር። ሰው ያስፈራራሉ። አንዷን ልጅ እግር ሴትዮ «ዛሬ ካልታየሽ የልጅሽን ሠርግ በጆሮሽ ነው የምትሰሚው» ብለው አስለቀሷት። ወጥቼ ተቆጣኋቸው። «እትዬ፣ ምነው እንዲህ ይላሉ? ሰው እኮ በደንብ ሲያስረዱት ይገባዋል!»

«አንቺ በሸጋ ቃል ትነግሪያቸዋለሽ» አሉኝ ቅንጣት ሳያፍሩ፣ «እነሱም በሸጋ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።»

እየተበሳጨሁ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ሴትዮዋ ግን እንባዋን ጠርጋ ተሰልፋለች።

ጸበል ነው የምጠመቀው፣ ሐኪም ቤት አልፈልግም የምትል ከመጣችባቸው ደግሞ ሌላ ፀባይ ያመጣሉ። ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «እሰይ፣ የኔ ሸጋ፣ ተጠመቂ። እኔም እጠመቃለሁ። ጸበሉም የሱ ነው፣ የሐኪሙም ጥበብ የሱ ነው። አንዱን ተቀብለሽ አንዱን ምነው ትመልሺበታለሽ?» ይሏታል። ከእሳቸው የሰማሁት ይሄ ነው፤ እኔም እስከ ዛሬ ይሄንኑ እላለሁ።

የቀኝ ዓይናቸውን ነገር ያወሩኝ አንድ ሰኞ፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው። መጀመሪያ እንደ ክር ያለ ጥቁር ነገር ይታያቸው ጀመር። እትዬ ደግሞ በርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ዓይናቸው ሁልጊዜም ሲያቃጥላቸው፣ ሁልጊዜም ሲያነባ ነው የኖረው።

«በርበሬው ነው አልኩ። በውኃ አጠብኩት። ክሩ በዛ። አሁንም በርበሬው ነው አልኩ። ሐኪሙ ዓይንሽን ታዪ ሲለኝ ደግሞ ሁዳዴ ነው፤ ለፋሲካ በርበሬ የሚሸመትበት ጊዜ ነው፤ ማን ገበያ ጥሎ ይሄዳል? ከፋሲካ በኋላ አልኩት። በፋሲካ ማግስት ተነሥቼ በሩን ባየው ግማሹ የለም። እነሆ ከዚያ ወዲያ የኔ ነገር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ።»

ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ከሁሉ የሚቆጨኝ አንድም ሰው አለመጮኹ ነው» አሉ። «ሐኪሙ ነገረኝ፤ መንገር ግን መጮኽ አይደለም።»

እኚህ ሰው የማይደፍሩት አንድ ሰው ብቻ ነበር። መምሬ ደሴ። መምሬ ከእትዬ ቤት በላይ፣ ዳገቷ ላይ ባለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን የሚቀድሱ፣ ለስላሳ አንደበት ያላቸው ሽማግሌ ቄስ ናቸው። የእትዬ የንስሐ አባትም ናቸው። ስኳርም አለባቸው። ሰኞ ሰኞ ይመጣሉ፣ ጣታቸውን ይወጋሉ፣ መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ፣ ሰውን ሁሉ በመስቀላቸው እየባረኩ በፊታችን ያልፋሉ። እትዬ ተነሥተው መስቀሉን ይሳለማሉ፤ አለቀ። እኔ ስጠራቸው ደግሞ መልሳቸው የተዘጋጀ ነው፤ «ጠብታው ጉሮሮ ድረስ ወርዶ ይመራል አሉ። የቅዳሴ ሰው ነኝ፤ ከአፌ የሚገባ ነገር እጠነቀቃለሁ። ደግሞ ዓይኔ ደህና ነው፤ ወንጌል እያነበብኩልሽ አይደለም ወይ?»

ጠብታው እውነትም ጉሮሮ ድረስ ይመራል። ስለዚህ ብዙ አልሞግታቸውም ነበር። ወንጌልም ማንበባቸው እውነት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማቸዋል።

ከዕለታት አንድ ሰኞ እትዬ መጡና ሳይጮኹ ቀጥታ ወደ ክፍሌ ገቡ። በሩን ዘጉት። እትዬ ጥሩወርቅ በር ሲዘጉ ያን ቀን ገና ማየቴ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ መምሬ እየጨለመባቸው ነው» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ?»

እትዬ ትናንት ቅዳሴ ላይ ከሴቶች ሁሉ ፊት፣ መጽሐፉ በሚታይበት ጎን ቆመው ነበር። ዲያቆኑ ትልቁን የብራና ወንጌል አቅፎ ለመምሬ ይዞላቸዋል። መምሬ ያነባሉ፣ ሕዝቡ አቀርቅሮ ይሰማል። መምሬ በአውራ ጣታቸው ገጹን ሲገልጡ ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ተገለጠና ጽሑፍ የሌለበት፣ ሥዕል ብቻ ያለበት ገጽ ወጣ። መምሬ ግን አንዲት ቃል ሳትሰናከልባቸው ማንበባቸውን ቀጠሉ።

«ሥዕሉን እያዩ ወንጌል አነበቡ!» አሉኝ እትዬ፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በቃላቸው የያዙት ነው። አፋቸው ያነባል እንጂ ዓይናቸው ካቆመ ማን ያውቃል ስንት ጊዜ ሆኖታል!»

ቁጭ አልኩ። እኛ አገር የተማረ ቄስ እንዲህ ነው፤ መጽሐፉ በጁ ሆኖ በልቡ ያነባል። ዓይኑ ሲከዳው ማንም አያውቅበትም። ልቡ ስለሚሸፍንለት ራሱም ቶሎ አያምንም።

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ? እንደ ሌላው ሰው አይጮኹባቸውም?» አልኳቸው።

«የነፍስ አባቴን? እንደ በርበሬ ደንበኛ ልጎትታቸው?» ብለው አፈጠጡብኝ። ከዚያ አንገታቸውን ደፉ። «መምሬ ያልታዩት ስለ ጠብታው እንዳይመስልሽ። ፈርተው ነው። ዓይኑ የማያይ ቄስ ጽዋ ይዞ እንዴት ይቆማል? ቢፈስበትስ? አይታይም ከተባሉ ከመቅደስ ይወጣሉ። መምሬ ከመቅደስ ከወጡ ደግሞ ይሞቱብናል። እንዲሁ ዝም ካልናቸውም ይጨልምባቸዋል። ምን ይሻለኛል?»

የሚሻላቸውን ያገኙት ራሳቸው ናቸው። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት፣ ሰው ሁሉ ለንስሐ ወደ አባቱ ይሄዳል። እትዬም ሄዱ። የሆነውን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ «የራሴን ኑዛዜ ነው የማወራው፣ ማን ይከለክለኛል?» እያሉ።

ዝናብ ስለነበር ደጀ ሰላሙ ሥር ተጠልለው ተቀመጡ።

«አባቴ፣ አንድ ከባድ ኃጢአት አለብኝ» አሉ እትዬ። «ጎረቤቴ ተኝቶ ቤቱ ሲቃጠል እያየሁ አልቀሰቀስኩትም።»

«ምነው?» አሉ መምሬ ደንግጠው።

«ትልቅ ሰው ስለሆነ አፈርኩት።»

መምሬ ተቆጡ። እትዬ እንደሚሉት በዕድሜያቸው እንደዚያ ተቆጥተዋቸው አያውቁም። «እሳት እያየሽ ታፍሪያለሽ? ሳይቃጠል በቅጠል ሲባል አልሰማሽም? ሂጂና ቀስቅሺው! እምቢ ካለሽ እየጎተትሽ አውጪው። ቀኖናሽ ይኼ ነው። እስክታወጪው ድረስ አልፈታሽም።»

«በመስቀልዎ?»

«በመስቀሌ!»

«እንግዲያው ይነሡ፣ አባቴ። ቤቱ የሚቃጠልበት ሰውዬ እርስዎ ነዎት።»

የሥዕሉን ነገር ነገሯቸው። መምሬ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በኋላ ቀስ ብለው «የትኛው ሥዕል ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«ቅዱስ ጊዮርጊስ። ከነፈረሱ።»

«ፈረሱን እንኳ አላየሁትም!» አሉ መምሬ። ከዚያም በነጠላቸው ተሸፍነው አለቀሱ። እትዬም አብረው አለቀሱ።

በማግስቱ ሰኞ ነበር። መምሬ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ እንደሚዳር ሙሽራ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። እትዬ ከኋላቸው ናቸው። «ጠብታው…» ብለው መምሬ ሊጀምሩ ሲሉ እትዬ «ሰኞ ጾም የለም፤ ዛሬም አይቀድሱም» ብለው ዘጉት። ጠብታውን ጨመርኩ። ሲመራቸው ፊታቸውን ጨምደድ አደረጉና «ከኃጢአቴ አይመርም» አሉ።

ፎቶውን አነሳሁ። ብዙ ሺህ ዓይን ያየሁ ሰው ነኝ፤ የእሳቸውን ግን ሁለት ጊዜ አነሳሁት። በሁለቱም ዓይን ደም ነጠብጥቧል፤ በአንደኛው ጥርት አድርጎ የሚያየው መኻል ቦታ አጠገብ ደርሶ አብጧል። ፎቶውን ለዶክተሩ ወሰድኩለት። ዶክተሩ ደጋግሞ አየው፣ መምሬን በራሱ መሣሪያም መረመራቸው፣ ከዚያ ወንበሩን ወደሳቸው ሳብ አደረገ።

«አባቴ፣ ተጎድቷል። የሄደውን ሁሉ እመልስልዎታለሁ አልልም። ግን በጊዜው መጥተዋል። በሌዘር እናክመዋለን፣ ስኳርዎን እናስተካክላለን፣ ያለዎትን እናተርፋለን።»

ከበሩ ውጭ ዱብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። እትዬ ናቸው፤ ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጥፈው ሲያዳምጡ ቆይተው አግዳሚው ላይ ዘጭ ብለው ተቀምጠዋል። ሮጬ ወጣሁ። እኚያ ሰውን ሁሉ ሲያንቀጠቅጡ የኖሩ ሴት እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃሉ።

«በጊዜው መጥተዋል አላቸው» አሉኝ። «ሰማሽ? በጊዜው መጥተዋል አላቸው። ይህችን ቃል እኔ አልሰማኋትም። ለኔ የተባለው ዘግይተሻል ነው። ለሰው ስትባል መስማት እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።»

እቅፍ አድርጌ አብሬያቸው አለቀስኩ። ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ሰው ያየኛል፣ ግድ አልሰጠኝም።

ሲወጡ ደግሞ ሐምሌ ሆኖ ሳለ ፀሐይ ፍንትው ብላ ወጣችባቸው። ብሌኑ በጠብታ የተከፈተ ሰው ፀሐይ ላይ ዓይኑን መግለጥ አይችልም። እትዬ የነጠላቸውን ጫፍ ለመምሬ አስያዟቸውና ከፊት ከፊት እየመሩ ዳገቱን ጀመሩ። ሰው መስቀል ሊሳለም ሲጠጋ «ዛሬ መስቀል የለም! ቄሱ አያዩም! ዞር በሉ!» እያሉ ይጮኻሉ። መምሬ ከኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሥቃሉ። በመስኮት ሆኜ እስኪሰወሩ ድረስ አየኋቸው።

መምሬ ሕክምናው እስኪያልቅ መቅደስ አልገቡም፤ ሌሎቹ ቄሶች ሰሞናቸውን ይዘውላቸው ሰነበቱ። በኋላ ወፍራም መነጽር አድርገው ተመለሱ። አንደኛው ዓይናቸው ትንሽ ብዥ እንዳለ ቀርቷል። ጽዋውን ግን ይዘዋል።

እትዬን ግን ስኳሩ አልተዋቸውም። ኩላሊታቸው ደከመ። እግራቸው እያበጠ፣ በባጃጅ እየመጡ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ መቀመጣቸውን አልተዉም። መጨረሻ ላይ ሳያቸው ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር። መጮኽ ሲያቅታቸው የሚወጣውን ሰው ቀሚስ ይይዙ ነበር።

ቀብራቸው ላይ ደረስኩ። ዝናቡ ለአፍታ ጋብ ብሎ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በሰው ሞልቷል። ገበያው፣ ሰፈሩ፣ ዕድርተኛው፣ ከስኳር ቀን አግዳሚ የማውቃቸው ፊቶች። ፍትሐቱ ካለቀ በኋላ ሰው ሊበተን ሲል መምሬ ደሴ እጃቸውን አነሡ።

«ጥሩወርቅ የንስሐ ልጄ ነበረች» አሉ። «የነገረችኝን አልናገርም። ያደረገችልኝን ግን እናገራለሁ።» ከዚያም በሕዝቡ ፊት፣ ሥዕል እያዩ ወንጌል ማንበባቸውን፣ ፈርተው መደበቃቸውን፣ እትዬ ጎትተው እንዳወጧቸው ሳይሸፋፍኑ ተናገሩ። ቄስ በራሱ ላይ እንዲህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ሊበተን የነበረው ሰው ተመልሶ ተጠጋ።

«አሁን ፍልሰታ እየደረሰ ነው፤ ለንስሐ ትመጣላችሁ» ብለው ቀጠሉ። «ስኳር ያለባችሁ የንስሐ ልጆቼ ሁሉ ስሙ። ዘንድሮ ስግደት አላዛችሁም። ቀኖናችሁ አንድ ነው። ሰኞ ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ዓይናችሁን ትታያላችሁ። ሳይታይ የመጣውን አልፈታም!»

ከኋላ አንድ ሰው «መምሬ፣ ጠብታው ግን ጾሙን…» ሲል «ሰኞ ጾም የለም!» ብለው ጮኹበት። ያ ለስላሳ አንደበት ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ግቢው በሙሉ አስተጋባ።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ስገባ አግዳሚው ሞልቶ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ማንም መጣራት አላስፈለገውም። መጀመሪያ የገቡት ነጭ ሻሽ ያሰሩ፣ ምርኩዝ የያዙ አሮጊት ናቸው። አስቀመጥኳቸውና ጠብታውን ሳዘጋጅ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«ልጄ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የኔ ኃጢአት ብዙ ነው፤ አደራሽን፣ ሁለቱንም ዓይኔን አንሺልኝ።»